አልጋ ወራሾች

ኮረብታው በሙሉ ነጭ ላስቲክ ለብሷል፤
ከባሕር ላየው ሰው፣ በረዶ ይመስላል።
ከሥሩ እንጆሪ ነው፣ በብርድ የሚቀላ፣
በሰሜን ከተሞች፣ በማንኪያ የሚበላ።
ኦዴሚራ ነው ይህ፣ የፖርቱጋል ጠረፍ፤
እኔ ተቆጣጣሪ ነኝ፤ ሥራዬ መጠየቅ፣ መቁጠር፣ መጻፍ።

ሴኞር ኤቫሪሽቱ ማመልከቻ ጽፏል፦
«ስድሳ ሠራተኛ ከኔፓል ይምጣልኝ፤ ፍሬው ይበሰብሳል፤
ያገሬ ልጅ ሁሉ ጎንበስ ማለት ጠልቷል።»
ሕጉም ይመልሳል፦
«አዲስ ከማስመጣትህ በፊት፣ ያሉትን አሳየኝ፤
ማደሪያውን ክፈት፣ ደመወዙን ቁጠር፣ ውሉን አስነብበኝ።»

ውሉን አስነበበኝ፤ ሦስት ገጽ ነው፣ ማኅተም ያረፈበት፣
በኔ ቋንቋ የተጻፈ፣ ፈራሚው አንዲት ቃል የማይለይበት።
እናቴ ብርድ ልብስ ሸማኔ ነበረች፤ ከሥሯ አድጌአለሁ፤
ውሉ የጠፋ ልቃቂት፣ ከሩቅ አውቃለሁ።

የደመወዙ ወረቀት ያምራል፤ ድምሩ ሕግ የጠበቀ።
ከታች በደቃቅ ፊደል ግን ቅናሹ ተደበቀ፦
የአልጋ፣ የውሃ፣ የመኪና፣ የጓንት።
የጓንት!
በነጻ የገባችው፣ ጓንቱ ውስጥ ያለችው ጣት ብቻ ናት።

«አልጋ ስንት?» ይላል ቅጹ። ዐሥራ አንድ፤ ጻፍኩ።
«ሰው ስንት?» አይልም። ስለዚህ መኪናዬ ውስጥ አድሬ፣ ጎህ ሲቀድ ተመለስኩ።
የቀን ተረኛው ጫማውን እያሰረ ሲወጣ፣
የሌሊቱ ከማሸጊያው፣ እጁ በብርድ አብጦ ሲመጣ፣
በሩ ላይ ተላለፉ። ሰላምታ አልነበረም።
ትራሱን ዳሰስኩ፤ ገና አልቀዘቀዘም።
እነዚህ ናቸው አልጋ ወራሾች፤ ዘውድ የላቸው፣
የሌላ ሰው ገላ ሙቀት ነው ርስታቸው።

«ፓስፖርታቸውስ?» ስል፣ «እንዳይጠፋ ነው» አለ፤
ቁልፍ ካንገቱ አውጥቶ መሳቢያውን ከፈተ።
ሃያ ሁለት፣ በጎማ ታስረው፣ እንደ መጫወቻ ካርታ፤
ከሥራቸው ደግሞ አንድ አሮጌ ፎቶ፣ መሃል ለመሃል የተቀደደ፦
አንድ ዐይን፣ አንድ ጆሮ፣ ግማሽ ከንፈር፣ ግማሽ ከረባት።

አወቅሁት። ማን የዚህ አገር ልጅ አያውቀውም?
ባባቶቻችን ዘመን፣ ሥራ ፍለጋ በሌሊት ሲሰደዱ፣
ወደ ፈረንሳይ፣ በተራራ፣ ፎቷቸውን ለሁለት ቀደዱ፤
ግማሹን ለሚስት ትተው፣ ግማሹን በኪስ ይዘው፤
በደኅና የደረሰ የራሱን ግማሽ በፖስታ ሲልከው፣
ሁለቱ ሲገጥም ብቻ ነው፣ አሻጋሪው ሒሳቡን የሚቀበለው።
«ያባቴ ነው» አለ።
«ሌላው ግማሽስ?»
«አልመጣም።»

ቅጹን አገላበጥኩ። ለዚህ የሚሆን መስመር የለውም።

ቴክ ባሃዱር ሮካ ወደ ጆሮዬ ቀረበ፣
በለቃቀማት ፖርቱጋልኛ፣ ቃሉን እየቆጠበ፦
«አትዝጊው እመቤት። ብትዘጊው፣ በሩ ይዘጋል እንጂ
ዕዳዬ አይዘጋም። መሬቴ ባራጣ አበዳሪ እጅ ነው፤
ወለድ እንደኛ አይደለም፤
አይተኛም፣ ተራ አይጠብቅም፣ አልጋም አይጋራም።»

ስድሳዎቹን ከለከልኩ። ብዕሩ አልከበደኝም።
ሃያ ሁለቱ ግን፦
ለያንዳንዱ የራሱ አልጋ፣ ውሉም በሚያነበው ቋንቋ፣
የጓንቱ ገንዘብ እስከ ሳንቲሙ ተመላሽ፣
የጊዜ ገደብ፣ ሠላሳ ቀን።
ፍትሕ ነው ብዬ አልጻፍኩም። ሠላሳ ቀን ነው ብዬ ጻፍኩ።

ጎማውን ፈትቼ ስማቸውን ጠራሁ፤
አበላሸሁት፤ አረሙኝ፤ እንደገና ጠራሁ።
ቴክ የራሱን ገልጦ ፎቶውን አየና
ጉንጩን በመዳፉ ዳሰሰ፣ ያ ሰው እሱ መሆኑን እንደሚያጣራ።
ኤቫሪሽቱ መሳቢያውን ገፋ፤ ቁልፉን ግን አላዞረም፤
ከግማሽ ፊት በቀር የሚቆልፍበት አልነበረም።

በሠላሳኛው ቀን እመለሳለሁ፤ ሳልደውል፣ ጎህ ሳይቀድ፤
ትራስ ልዳስስ።